መርዶ በወረቀት አይላክም

ባለፈው ጥቅምት ለሁለት ቀን ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ከሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አንድ ወጣት ዲያቆን የእንግዳ ሰው ስም በብራና ላይ እየጻፈ ይሸጣል። የቀለሙን ጠርሙስ ክዳን ሲያነሳ ሽታው መጣ፤ ያረረ ገብስ፣ የድስት ጥላሸት፣ ሰነባብቶ የኮመጠጠ ነገር።

«ገብሱ ትንሽ ይቀረዋል» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። መነጽር ያደረገች፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ስለ ቀለም ምን አገባት ሳይል አልቀረም። ያገባኛል። ሰባተኛ ክፍል በተማርሁበት ዓመት የእኔ ሥራ ጥላሸት መፋቅ ነበር።

ያኔ ዘጌ ያለው ትምህርት ቤታችን የሚያስተምረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ገና ሳልድህ ነው የሞተው። እናቴ ስንዱ የሰው ቡና ትለቅማለች፤ ቡና በማይደርስበት ወራት ደግሞ እንጨት ሰብራ ወደ ባሕር ዳር ለሚጭኑ ባለ ታንኳዎች ትሸጣለች። ስድስተኛን ስጨርስ ከፊቴ ሁለት ነገር ነበር፤ ከተማ ሄዶ መማር ወይም ማግባት። አክስቴ ለሁለተኛው ሰው እስከ ማዘጋጀት ደርሳ ነበር። እናቴ ግን በዚያው ሰሞን በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ፣ የቀበሌውን ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነበርና «እኔ በዚህ ዕድሜዬ የቆጠርሁት ልጄ ከስድስተኛ እንድትቀር ነው?» ብላ እምቢ አለች።

መንገዱ የተገኘው ከባሕር ማዶ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የእርዳታ ቢሮ ነበር፤ አባት የሌለውን ልጅ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር ያገናኛል። ያ ሰው የልጁን ዩኒፎርም፣ ደብተርና ቀለብ ይችላል፤ ልጁ ደግሞ በየሁለት ወሩ ደብዳቤ ይጽፋል። ለእኔ የደረሰችኝ ስዊድን በሚባል አገር የምትኖር ኤልሳቤጥ የምትባል አሮጊት ናት። ማደሪያዬ የእናቴ አጎት ቤት ሆነ።

እሳቸውን ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ዳዊትና ድርሳን በብራና ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። በዚያ ዘመን የሚያስጽፋቸው ሰው እየቀነሰ ቢሄድም ቀለም መበጥበጡን አልተዉም። ጎረቤቶቻችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮኽ ወንዱም ሴቱም እየተጠራራ ይወጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ ቆርቆሮና የዶለዶመ ቢላ ይዤ በየቤታቸው እዞራለሁ። «ጥላሸቷ መጣች» ይሉኛል። የድስታቸውን ቂጥ እፍቅላቸዋለሁ፤ ለእነሱ ድስቱ ይጠራላቸዋል፣ ለእኔ ቆርቆሮው ይሞላልኛል። የኔታ ገብሱን እስኪከስል ይቆሉታል፤ ተወቅጦ ከጥላሸቱ ጋር በውሃ ይበጠበጥና በገንቦ ለወራት ይቀመጣል። በየቀኑ ማማሰል የእኔ ፈንታ ነው። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ምን ምን ትሸቻለሽ?» ብላ አፍንጫዋን ስትይዝ «ቀለም» እላታለሁ፤ ይብስባታል።

ደብዳቤውን ራሴ መጻፍ እችል ነበር። የኔታ ግን አይሆንም አሉ። እስክሪብቶ ሳወጣ «እሱን ለቀበሌ መጥሪያ ይጻፉበት» ብለው አስቀመጡኝ። በመቃ ብርዕ፣ እየነከሩ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ዳዊት አድርገው ይጽፋሉ። ኤልሳቤጥ የሚለው ስም ላይ ሲደርሱ ብርዕ ይለውጡና በቀይ ቀለም ይጽፉታል። በቀይ የሚጻፈው የቅዱሳን ስምና መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም እንደሆነ አውቅ ስለነበር ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«አንቺ መጽሐፍ ነሽ» አሉኝ። «የሚያስጽፉሽ እሳቸው ናቸው።»

የኔታ ኤልሳቤጥን አንቱ ነው የሚሏት። ከደብዳቤው ግማሹን ሰላምታ ይወስደዋል። ለክብርት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ፤ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አትጠገብ ደህና ናት። እናቷም ደህና ናት፤ እጅ ትነሳለች። አትጠገብ እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤያችንን የምትተረጉመው ወይዘሪት ሰናይት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሻይ ያለባት። «የኔታ፣ ትንሽ ወሬ ይጨምሩበት እንጂ፤ ሰላምታ ብቻ እኮ ነው የምተረጉመው» ትላቸዋለች።

«ከሰላምታ የሚበልጥ ምን ወሬ አለ ልጄ?» ይላሉ።

ኅዳር ላይ የኤልሳቤጥ መልስ መጣ። ፖስታው እንደ ወትሮው ተከፍቶ ተመልሶ የታሸገ ነው፤ ማን እንደሚከፍተው ጠይቄ «አንቺን አይመለከትሽም» ተብያለሁ። ውስጡ ፎቶ ነበረው። ነጭ ጸጉር ያላት ሴት ቀይ ቤት ፊት ቆማለች፤ ከኋላዋ ሐይቅ ይታያል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እንደምትኖር፣ ዮሃን የሚባል ጎረቤቷ በረዶውን ከደጇ እየጠረገ እንደሚያስወጣት ጽፋለች። ከዚያ ወይዘሪት ሰናይት በአማርኛ የመለሰችውን አንዱን ዓረፍተ ነገር ለየኔታ አነበብሁላቸው። «እኛም ሐይቅ አለን፤ ወቅቱ ሲደርስ በእግራችን እየተራመድን እንሻገረዋለን።»

የኔታ ከመደባቸው ተነሡ።

«በእግር?»

«በእግር ይላል።»

«በውሃው ላይ?»

«ሐይቁን ነው የሚለው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ። በሐይቅ ላይ የተራመዱ አባቶችን ገድል በእጃቸው ጽፈዋል፤ ቀይ ቤት ያላት፣ ጎረቤት ያላት፣ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ግን አላጋጠመቻቸውም። እኔም አንድ ቅዳሜ ጫማዬን አውልቄ ከሐይቁ ዳር ሞከርሁት። ከጉልበቴ በላይ እርጥብ ሆኜ ተመለስሁ፤ ኃጢአቴ ስለበዛ ነው ብዬ ለማንም አልነገርሁም። ወይዘሪት ሰናይት ነገሩን ስትሰማ ጠረጴዛዋን ይዛ ሳቀች፤ ውሃው ከብርድ የተነሣ እንደ ድንጋይ እንደሚጠነክር አስረዳችን። የኔታ ረጋ ብለው ሰሟት። «ያም ቢሆን መራመዳቸው አልቀረም» አሉ፤ ስሟንም በቀይ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመት ፈተና መጣ። ያን ሰሞን የኔታ ተለወጡብኝ። ጥላሸት መፋቁ ይቅርብሽ አሉኝ። ማማሰሉንም እሳቸው ያዙት። ከረቡዕና ከዓርብ በስተቀር በየጠዋቱ የተቀቀለ እንቁላል እጄ ላይ ያኖሩልኛል። ጥላሸቷ እያሉ ይጠሩኝ የነበሩት ጎረቤቶች ሳልፍ ዝም ይላሉ፤ አንዷማ ጉንጬን ስማኝ ፊቷን አዞረች። እኔ ጎበዝነቴ በሰፈሩ ተሰምቶ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ሰነበትሁ።

የመጨረሻውን ፈተና በጨረስሁ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ የኔታ ቀሰቀሱኝ። ብወጣ ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ከዘጌ አጎቴ መጥቷል፤ ሽማግሌዎች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አክስቴ አለች። ማንም ዓይኔን አያይም። አክስቴን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ። ሊድሩኝ ነው የመጡት። ወደ ጓዳ ሮጬ ከቀለሙ ገንቦ ኋላ ተሸጎጥሁና «አላገባም» ብዬ ጮህሁ። «እናቴ እምቢ ብላለች። እናቴን ጠይቋት።»

ይህን ስል ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዋይ አሉ። አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እናቴን ወባ ናት የገደለቻት። በሦስት ቀን። ከተቀበረች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል፤ ዘጠኙንም ቀን የኔታ ያውቁ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። «ፈተናሽን እስክትጨርሺ ነው» አሉኝ። «እሷም ብትጠየቅ ይህንኑ ነበር የምትል።» እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከሐዘኑ እኩል ንዴት ያዘኝ። እናቴ አፈር ለብሳ እኔ እንቁላል እየበላሁ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እየዘፈንሁ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እንቁላል ሲሰጡኝ ለጎረቤት ውሻ እጥልላት ነበር። የኔታ እያዩኝ በማግስቱ ሌላ ይቀቅላሉ።

የካቲት መጨረሻ ደብዳቤ የምንልክበት ጊዜ ደረሰ። የኔታ ብርዑን ነከሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ እናቷም ደህና ናት፣ እጅ ትነሳለች ብለው ጻፉ።

«የኔታ፣ እናቴ እኮ...»

«አውቃለሁ።» ብርዑን አስቀመጡት። «ብቻዋን ቤቷ ለተቀመጠች ሴት መርዶ በወረቀት ይላካል? ተነሥታ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ማን ውሃ ያቀብላታል?»

አንቱ ማለቱን እንኳ ረስተው ነበር።

«ታዲያ መቼ ይነገራታል?»

«አጠገቧ ሰው ሲገኝ።»

እኔም ዝም አልሁ። የእኔ ዝምታ ግን እንደሳቸው ንጹሕ አልነበረም። ኤልሳቤጥ የመረጠችው እናት ያላትን ልጅ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እናት ከሌለኝ ሌላ ልጅ ሆንሁ ማለት ነው፤ ሌላ ልጅ ደግሞ እሷ አታውቅም። ትምህርቴ ቆሞ ወደ አክስቴ እንዳልመለስ ስል እናቴን በወረቀት ላይ አኖርኋት።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሪት ሰናይት አስጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ሰማያዊ የሱፍ ሻርፕ ተዘርግቷል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ለእናትሽ ነው» አለችኝ። «ሴትዮዋ በእጇ ነው የሠራችው። እናትሽ ለብሳው ፎቶ ተነሥታ እንድንልክላት ትፈልጋለች። መቼ ትመጣለች?»

«አሟታል።»

«ምኗን?»

«እግሯን።»

«እንግዲያው ቅዳሜ በጀልባ እኔ እሄድላታለሁ። ካሜራውም አለ» አለች።

ሻርፑን ታቅፌ በሐይቁ ዳር በኩል ወደ ቤት ሄድሁ። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ በስሟ የተላከላት ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ነው፤ ሲመጣ እሷ የለችም። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ፊቴን ሱፉ ውስጥ ቀብሬ አለቀስሁ፤ ከመርዶው ቀን በኋላ እንደዚያ አላለቀስሁም ነበር። ቤት ስደርስ ለየኔታ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የእግሯን ሕመም ጨምሮ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ምርኩዛቸውን አነሡና «ነይ» አሉኝ።

ወይዘሪት ሰናይት ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ቀላ።

«የኔታ፣ እርስዎ የጻፉትን እኮ እኔ ነኝ የተረጎምኩት። ደህና ናት ብዬ ፈርሜ ልኬያለሁ። አዲስ አበባ ያሉት አለቆቼ ሲሰሙ የሞተ ሰው እያኖሩ እርዳታ ይበላሉ ነው የሚሉት። ፋይሏን ይዘጉታል።»

«መርዶ በወረቀት አይላክም ልጄ።»

«እኔማ ይገባኛል» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባቴ ሲሞት ኮሌጅ ነበርኩ። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ሳይቀሩ ያውቁ ነበር። እስክመረቅ ደበቁኝ።» ይህን ስትል ወደ እኔ ነበር የምታየው። ከዚያ ወረቀት አወጣች። «ለእኔ መግባቱ ግን አይጠቅማትም። እውነቱን ለሴትዮዋ እንጽፋለን። ልጅቷን ይዤ እቀጥላለሁ ካለች አለቆቼም ዝም ይላሉ። ተታለልኩ ካለች ግን ሰኔ ላይ ትምህርቷ ያበቃል።»

«ይጻፍ» አሉ የኔታ። «ለእሳቸው ግን አይደለም።»

ለዮሃን ጻፉለት። ወይዘሪት ሰናይት ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ እስኪጨርሱ ጠበቀች፤ ከዚያ እያነበበች ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። እስከ ዛሬ ቃሉ አልጠፋኝም። «ለአቶ ዮሃን፤ እርስዎ የክብርት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ጎረቤት እንደሆኑ ሰምተናል። የአትጠገብ እናት ስንዱ ጥር ላይ አርፋለች። እስካሁን ያልነገርናቸው የሚነግር ሰው አጠገባቸው ስላላገኘን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የልጅቷ አይደለም። ከባለቤትዎና ከሌላ አንድ ሰው ጋር ሆነው በማለዳ ይሂዱ። ቆመው አይንገሯቸው፤ ተቀምጠው ይስሙ። ውሃ በቅርብ ይሁን። ያን ቀን እስኪመሽ ብቻቸውን አይተዉአቸው።»

«አብደዋል ነው የሚሉን» አለች ወይዘሪት ሰናይት። ሆኖም አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችው።

ግንቦት አለፈ። ሰኔ ገባና ዝናቡ ጀመረ፤ ሐይቁ ከዳር ከዳሩ እንደ ጠላ ደፈረሰ። የዓመቱን ውጤት ተቀበልሁ፤ ሦስተኛ ወጥቻለሁ። የማሳየው ሰው አጥቼ ካርዱን ለየኔታ ሰጠኋቸው፤ ገልብጠው አይተው መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት። አክስቴ መጣች። ቀጥላ በምትነሣው ጀልባ ይዛኝ ልትመለስ ነው፤ ለጋብቻው ሽማግሌዎችም እስከ ሐምሌ ብላ ቀን ሰጥታለች። ልብሴን በሻርፑ ጠቅልዬ አሰርሁት። የኔታ ጥግ ይዘው ገንቦውን ያማስላሉ። «ቆይ እስኪ፣ ፖስታ የሚመጣው ሐሙስ አይደል?» ይላሉ አክስቴ በተነሣች ቁጥር። አክስቴም ዝናቡን እያማረረች ተመልሳ ትቀመጣለች።

ሐሙስ ዕለት የቢሮው ዘበኛ መጥቶ ጠራን። ወይዘሪት ሰናይት ደብዳቤውን አልተረጎመችውም ነበር፤ እያየች በአፏ ነገረችን።

ኤልሳቤጥ እንዲህ ብላለች። ዮሃን ከሚስቱና ከሰፈሩ ቄስ ጋር ሆኖ በማለዳ በሯን ሲያንኳኳ ቤቷ የተቃጠለ መስሏት በሌሊት ልብሷ ወጣች። ሦስቱም እጅ እጃቸውን እያዩ ደጅ ቆመዋል። አስቀመጧት። ዮሃን ወረቀቱን ሲያነብ ሚስቱ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ጎኗ ቆማለች። እስኪመሽ አብረዋት ዋሉ፤ ሾርባ ሠሩ፤ ስለ ስንዱ የምታውቀውን ጥቂት ነገር ጠየቋት። «ባሌ የሞተ ጊዜ በስልክ ነው የተነገረኝ» ይላል ደብዳቤው። «ስልኩን አስቀምጬ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ማንም አልመጣም፤ እዚህ አገር ሰው ሐዘንተኛን ላለማስቸገር ብሎ ይርቃል። ለስንዱ ሳለቅስ ለእሱም አለቀስኩ። ይህን ያሰቡልኝን ሽማግሌ እጃቸውን ሳሚልኝ። አትጠገብ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ ትማሪያለሽ፤ ከእኔ በኋላ ዮሃን አለ፣ ተነጋግረናል። ሻርፑ ያንቺ ነው።»

ወይዘሪት ሰናይት ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። የኔታ ስለ ትምህርቴ የተባለውን የሰሙም አይመስሉ።

«እስኪመሽ ድረስ አብረዋቸው ዋሉ ነው የሚለው?»

«አዎ የኔታ።»

«ብቻቸውን አልተዉአቸውም?»

«አልተዉአትም።»

«እንግዲህ ደህና» አሉ፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

እጃቸውን ሳምሁ። ኤልሳቤጥ ስላዘዘች ነው የጀመርሁት፤ ግን ከንፈሬ ቆዳቸው ላይ ሲያርፍ የዚያ ጎህ ነገር መጣብኝ። ግቢ ሙሉ ሰው። ከዘጌ በጀልባ መጥተው፣ ከፋብሪካ ፈረቃቸው ቀርተው፣ በብርድ ቆመው። ከገንቦው ኋላ ስሸጎጥ ማንም ጥሎኝ አልሄደም ነበር። ዘጠኙን ቀን ሙሉ የኔታ ሐዘኑን ብቻቸውን ተሸክመው ጠዋት ጠዋት እንቁላል ሲቀቅሉልኝ እንደነበር ያን ቀን ነው የታየኝ። እጃቸውን ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

አክስቴ በበነጋው ብቻዋን ተሳፈረች። የኔታ ገንቦውን ከፍተው አዲሱን ቀለም ቀዱ፤ የእኔ ጥላሸት ያለበት፣ መስከረም ላይ የተበጠበጠው ነው። ብርዑን ነክረው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያንቺ ተራ ነው።»

መቃው ከጣቴ ይንሸራተት ነበር። ብርዕ ለውጬ ኤልሳቤጥን በቀይ ጻፍሁ። ቀጥዬ ሳልጠይቃቸው ስንዱን በቀይ ጻፍሁ፤ የኔታ አይተው ጥቁሩን ቀለም ወደ እኔ አስጠጉልኝ። ከዚያ ወደ ጥቁሩ ተመልሼ፣ እንዳስተማሩኝ፣ ከሰላምታው ጀመርሁ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህ ዓረፍተ ነገር ዓመቱን ሙሉ ሲጻፍልኝ ነበር፤ እውነት ሆኖ የጻፍሁት ግን ያን ቀን ነው።